ሳይደርሱ ለሰጠሙት

አባቴ ሎውል ክሬብስ አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። ሾርባውን መስኮት ዳር ቆሞ ይጠጣል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ስብከቱ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይገባል። ቴሌቪዥን የሚያየው በሩ ላይ ተደግፎ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይሄን ሰውዬ ያገባሁት ሲያልፍ ይዤው ነው» ትል ነበር። እኔና ወንድሜ ያደግነው ሚሲሲፒ ወንዝ አፍንጫችን ስር እየፈሰሰ ቢሆንም፣ ሁለታችንም ዋና አንችልም። አባታችን ወደ ውሃው ዝር እንድንል አይፈቅድም ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀን «ወንዝ ዘመድ የለውም» ከማለት ሌላ መልስ አግኝተን አናውቅም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ በጋ ላይ ነው። አባቴ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዓይኑ ስለደከመ በፀደይ መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ጁን ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሥራ እፈታለሁ። ስለዚህ ያን በጋ የአባቴ ሾፌር ሆንኩ። ስልሳ ሕፃን ከማመላለስ አንድ ሎውል ክሬብስን ማመላለስ እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አባቴ በጦርነቱ ጊዜ የማረፊያ ጀልባ ላይ ነበር የሠራው። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነች፣ ፊቷ በር የሆነ ጀልባ ናት፤ ወታደሮቹን ከትልቁ መርከብ ጭና ባሕሩ ዳር ስትደርስ በሩ ወደፊት ይወድቅና በሱ ላይ ተራምደው ይወጣሉ። በእኛ አካባቢ በሕይወት የቀሩት የዚያ ሥራ ሰዎች ሰባት ናቸው። ከስንት ዓመት ደብዳቤና ልመና በኋላ በከተማችን ዳር ባለው ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው። ቦታው ከባንዲራው በስተግራ፣ በኦክ ዛፎቹ መካከል የሚያልፈው መንገድ ላይ ነው፤ የሌሎቹ የጦር ክፍሎች ድንጋዮችም እዚያው ተሰልፈዋል። ምርቃቱ ሴፕቴምበር አጋማሽ እንዲሆን ተወሰነ።

ሰባቱ በየማክሰኞው የሚሰበሰቡት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ሰብሳቢያቸው ዊላርድ ታት ይባላል። እሱና አባቴ በአንድ ጀልባ ላይ ነበሩ፤ ዊላርድ መሪውን ይዞ፣ አባቴ ከፊት ቆሞ። ከጦርነቱ ሲመለሱ በሁለት መንገድ ልዩነት ቤት ሠሩ። እኔን ክርስትና ያነሳኝ እሱ ነው፤ አጎቴ ዊላርድ እለዋለሁ። ጡረታ እስኪወጣ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አባትሽን ወንበር ላይ ሳይቀመጥ፣ እንደቆመ የቆረጥኩት ብቸኛው ፀጉር አስተካካይ እኔ ነኝ እያለ ይስቃል።

በጁን መጨረሻ ማክሰኞ አባቴን አድርሼ እኔም ጥግ ይዤ የቼሪ ፓይ አዘዝኩ። ዊላርድ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ረቂቅ ከኪሱ አወጣ።

«አንተ ሎውል፣ ተቀመጥ እንጂ። ከላይ ሆነህ ስታየኝ ማንበብ ያቅተኛል» አለው።

«ተቀምጠህ ያተረፍከውን ሆድ አየሁት እኮ። አንብብ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዊላርድ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ከባሕር ተነስተው በጠላት ዳርቻ ላይ ለወረዱትና በዚያ ለወደቁት።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «አጭርና ጥሩ ነው» አለ። አባቴ ግን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለና ሁለት እጁን ተከለበት።

«አንድ መስመር ይጨመርበት» አለ።

«ምን የሚል?»

«ሳይደርሱ ለሰጠሙትም።»

የሹካው ድምፅ ቆመ። እኔ ዊላርድን ነበር የማየው፤ ደም ፊቱ ላይ ወጥቶ ወረደ።

«አይሆንም» አለ ዊላርድ።

«ለምን?»

«ይሄ የጦርነት ድንጋይ ነው። ልምምድ ሌላ ነው።»

«ውሃው ሌላ ነበር?»

«ሎውል፣ አይሆንም ብያለሁ። ድምፅ እንስጥ።»

ሦስት ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ። አራተኛው እጅ የዊላርድ ነበር። አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ፓዬን ጥዬ ተከተልኩት።

መኪና ውስጥ እንደገባን በጣቱ የበሩን መስታወት ይመታ ጀመር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«አስራ አንድ ሰዎች ናቸው።»

«የት አባዬ?»

«እዚሁ በገዛ አገራችን። ደቡብ፣ ልምምድ ላይ። ፌብሩዋሪ፣ አስራ ዘጠኝ አርባ ሦስት። ጠላት የሚባል አንድም ሰው አልነበረም። ጧት ነው፣ ጀልባዋ ሞልታለች፣ ዕቃቸውን ሁሉ ተሸክመዋል። በሩ ተከፈተ፣ ወጡ። ከእግራቸው ሥር መሬት አልነበረም።»

ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ስለ ፓስፊክ ደሴቶቹ፣ ስለ ወባው፣ ስለ መርከቡ ወጥ ቤት ሰውዬ ሲያወራ አድጌያለሁ። ይሄንን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ለምን ነግረኸን አታውቅም?»

«መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ንጂ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣን። ጧት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወፎቹ ገና ሲንጫጩ፣ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ በእግሩ ነው የሚመጣው። «ተነሺ፣ ድንጋዩ ጋ እንሂድ» ይለኛል። ድንጋይ ቀራጩ ሚካሌክ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሥራው ቦታ ከተማው ዳር ካለው የእህል ጎተራ አጠገብ ነው። ግራጫው ድንጋይ በእንጨት ላይ ተጋድሟል። አባቴ ይዞረዋል። በጣቱ ይለካዋል። ከታች ያለውን ባዶ ቦታ ያሻሸዋል።

«እዚህ ጋ አንድ መስመር ይገባል አይደል?»

«ይገባል» ይላል ሚካሌክ።

«ፊደሉ ሳያንስ?»

«ሳያንስ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ወረቀት። ሰብሳቢያችሁ የፈረመበት ወረቀት። ኦገስት አስራ ስድስት ሰኞ መቅረጽ እጀምራለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነጥብ እንኳ አልጨምርም ሚስተር ክሬብስ።»

በማግስቱ ደግሞ እንሄዳለን። ያንኑ ይጠይቀዋል፣ ያንኑ ይመልስለታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሚካሌክ ገና መኪናዬን ሲያይ ከውስጥ ሆኖ «ይገባል» ብሎ መጮህ ጀመረ።

የተቃወሙትን ሦስት ሰዎች ቤት ለቤት ዞርን። በየበረንዳው ሎሚናት ጠጣን። ሦስቱም የተነጋገሩ ይመስል አንድ ነገር ነው ያሉት። «እኛ እዚያ አልነበርንም ሎውል። አንተና ዊላርድ ነበራችሁ። ዊላርድ እሺ ካለ እኛ ማን ነን።»

ዊላርድ ግን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ደጁ ላይ ሣር ሲያጭድ ካየነው ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ተገናኙ። አባቴ ወደ መስኮቱ ሲቀርብ ዊላርድ መስታወቱን ዘግቶ ነዳጁን ሳይሞላ ሄደ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ጓደኛሞች ናቸው፤ እንዲህ ሲኮራረፉ አይቼ አላውቅም። የማክሰኞው ስብሰባ ቀረ። አባቴ መብላት ተወ ማለት ይቻላል፤ ዳቦውን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ይረሳዋል። የልብስ መደርደሪያው ውስጥ ሳይቀር የካም ሳንድዊች አገኘሁ።

እኔም ተበላሸሁ። ሌሊት እየነቃሁ ስለማላውቃቸው አስራ አንድ ሰዎች አስባለሁ። ባሌ «አንቺም እንደ አባትሽ መቆም ጀመርሽ» አለኝ። አየሁት፤ እውነትም ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነበር የምበላው።

ሰኞ ሚካሌክ ሊጀምር አርብ ላይ አባቴ አዲሱን መስመር የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። «ዊላርድ ጋ ውሰጂኝ። በጓሮ በኩል» አለ።

ዊላርድ የጓሮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይልጣል። አጠገቡ ሁለት ባልዲ አለ። እኛን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ እንደ ልቡ አልታዘዘውም።

«አባትሽን ይዘሽ ሂጂ ማርላ» አለኝ።

«እሱ አልሄድም ይላል፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ። ፍሪጅ ውስጥ ሎሚናት አለ።»

«ሎሚናት ሰልችቶናል» አለ አባቴ። «ትስማ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው።»

ምን ላድርግ፣ ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ በቆሎ መላጥ ጀመርኩ። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነበር። አባቴ በሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ፈርም ዊላርድ።»

«አልፈርምም።»

«ለምን እንደማትፈርም አውቃለሁ። በሩን የጣልከው አንተ ነህ። ማንጠልጠያውን የለቀቀው እጅ ያንተ ነው። ድንጋዩ ላይ እንድታየው አትፈልግም።»

ዊላርድ የያዘውን በቆሎ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አባቴን አየው። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው።

«አዎ፣ በሩን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሎውል፣ አትግፋኝ።»

«እገፋሃለሁ።»

«ጀልባዋን ስትነዳ ከኋላ ነው የምትቆመው። ፊት ለፊትህ የሠላሳ ሰው ጀርባ ነው። ውሃውን አታይም። ከፊት ቆሞ ዘንግ ይዞ ጥልቀቱን የሚለካው ሰው ‹አሸዋ› ሲል ታምነዋለህ፣ ትጥለዋለህ። ማን ነበር ከፊት የቆመው?»

አባቴ ቆመ። ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ጸጥ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዊላርድ ባልዲውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋው።

«እኔ ነኝ ዊላርድ። ዘንጉ አሸዋ ነካ። ዳርቻው መስሎኝ ጮህኩ። ዳርቻው አልነበረም፣ ውሃ ውስጥ ያለ የአሸዋ ጉብታ ነው። ከጉብታው ወዲያ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ጥልቅ ነበር። አንድ እርምጃ ወደፊት ዘንጉን ብሰድ ኖሮ አውቅ ነበር። አልሰደድኩም። በርዶኝ ነበር፣ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር።»

«ታውቃለህ ማለት ነው» አለ ዊላርድ ቀስ ብሎ።

«አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም።»

«እኔ የረሳኸው መስሎኝ ነው።» ዊላርድ ፊቱን በእጁ አሸው፤ የበቆሎው ፀጉር ጉንጩ ላይ ተጣበቀ። «ያኔ ከአደጋው በኋላ ሆስፒታል ተኝተህ ስታወራ ‹የሆነ ሰው ጮኸ› ነበር የምትለው። ‹የሆነ ሰው›። ከዚያ ስለሱ አንስተህ አታውቅም። እኔም እግዜር አስረስቶታል፣ ተመስገን አልኩ። መርማሪው መጥቶ ማን ነው የጮኸው ሲለኝ፣ በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁም አልኩት። ምዬ ነው የነገርኩት፣ እጄን መጽሐፍ ላይ ጭኜ። ‹በአደጋ› ብለው ዘጉት።»

እኔ አንገቴን ደፍቼ በቆሎ እልጣለሁ። የላጥኩትን መልሼ እልጣለሁ።

«ለኔ ብለህ ዋሸህ?» አለ አባቴ።

«ሃያ ዓመትህ ነበር። ይሰቅሉሃል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ነገር ካንተ ስደብቅ ኖርኩ። አሁን መጥተህ ድንጋይ ላይ ቅረጽልኝ ትላለህ። መስመሩን ያነበበ ሁሉ ይጠይቃል ሎውል። እነማን ናቸው፣ የት ነው፣ ማን ነው ጥፋተኛው። የዚያን ጊዜ ምን ልትላቸው ነው?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በሰባ ስድስት ዓመቴ ማንም አይሰቅለኝም።»

ዊላርድ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋው። አባቴ ወረቀቱን ሰጠው። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ።

«አንተ ደረቅ ሽማግሌ» አለው። «ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደምታውቅ ብትነግረኝ ኖሮ እኔም ትንሽ እተኛ ነበር።»

«አንተስ ብትጠይቀኝ?»

መኪናው ውስጥ ስንገባ አባቴ መስታወቱን አልመታም። ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ወንዙን በግራ ትተን ስንሄድ ለምን ዋና እንዳልተማርን ገባኝ።

ሚካሌክ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና «ይገባል» አለ።

የምርቃቱ ማስታወቂያ የድንጋዩን ጽሑፍ ይዞ የቀድሞ ወታደሮች ጋዜጣ ላይ ወጣ። በቀኑ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ የሚያንገላታ ነበር። የሚታጠፉ ወንበሮች ተደርድረዋል። ወደ ስልሳ ሰው መጣ። የመካነ መቃብሩ ኃላፊ ተናገረ፣ ቄሱ ጸለየ፣ ሦስት ጊዜ ተተኮሰ፣ መለከት ተነፋ። ነፋሱ ድንጋዩ ላይ ያለውን ጨርቅ ቀድሞ ሊገልጠው ስለታገለ ዊላርድ ሙሉ ጊዜውን በክርኑ ተጭኖት ቆመ። አባቴ ከወንበሮቹ ጀርባ ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። ሲገለጥ መጥቶ እንኳ አላነበበም።

ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ረጅም አሮጊት ዱላ ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄዱ አየሁ። የሆነ ነገር ይጠይቃሉ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ሰማሁ።

«ኒዮማ ጄንትሪ እባላለሁ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነድቼ ነው የመጣሁት። ቨርጅል ሎማክስን የሚያውቅ ሰው አለ? ወንድሜ ነው።»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። «ከፊት ሦስተኛ ነበር» አለ።

ሴትየዋ አፈጠጡበት። «ምን አሉ?»

«በሩ ሲከፈት፣ ከፊት ሦስተኛ ሆኖ ነው የወጣው። ሎውል ክሬብስ እባላለሁ። ጀልባዋ ላይ ነበርኩ።»

ዊላርድ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። እኔ ወንበር ልስብላቸው ስል ሴትየዋ በዱላቸው ከለከሉኝ።

«ከተቀመጥኩ ዳሌዬ ይቆልፋል። እየተራመድን ይንገሩኝ» አሉ።

በኦክ ዛፎቹ መካከል ባለው መንገድ ሄዱ። እኔና ዊላርድ ሁለት እርምጃ ከኋላ ነን። አባቴ ከመጀመሪያው ጀመረ። ብርዱን፣ ዘንጉን፣ ጩኸቱን፣ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው። «የጮህኩት እኔ ነኝ። ወንድምዎ ምንም አላጠፋም። ተራው ሲደርስ፣ እንደታዘዘው ወጣ» አላቸው። ዊላርድ ከኋላ «በሩን የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ እመቤቴ» አለ። ዞረው አዩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ቆሙ።

«ቨርጅል ቀልደኛ ነበር» አሉ። «ዋና ሳይችል ከድልድይ እዘላለሁ ብሎ የሚወራረድ። ቴሌግራሙ ‹በልምምድ ላይ በደረሰ አደጋ ሰጠመ› ብቻ ነው የሚለው። እናቴ የሆነ ቂልነት ሠርቶ ነው አለች። ተወራርዶ ዘሎ ነው አለች። መቃብሩ ላይ አበባ ስታስቀምጥ እንኳ ትሰድበው ነበር። ‹አንተ ጅል፣ ምን አስቸኮለህ› ትለዋለች። በአስራ ዘጠኝ ሰባ አራት ሞተች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተቆጥታው ኖረች።»

አባቴ ኮፍያውን በእጁ አዞረ።

«አድራሻችንን ያውቁት ነበር?»

«አውቅ ነበር። ዝርዝሩ ነበረኝ።»

«አንድ ደብዳቤ?»

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

ዊላርድ አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ እጁን አነሳበት።

«ፈራሁ» አለ።

ሴትየዋ ዱላቸውን ጠጠሩ ላይ ተከሉት። ነፋሱ ነጭ ፀጉራቸውን ዓይናቸው ላይ ይጥለዋል፣ አይመልሱትም። ከዚያ ዞረው ወደ ባንዲራው መራመድ ጀመሩ፤ አባቴም ተከተላቸው። መንገዱን እስከ ጫፍ ሄደው ተመለሱ። እኔና ዊላርድ ቆመን ቀረን። ከሩቅ ሲታዩ እሳቸው ናቸው የሚያወሩት፤ አባቴ አንገቱን ይነቀንቃል። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

መኪናቸው ጋ ስንደርስ በሩን ከፈትኩላቸው። ገብተው ዱላቸውን አጠገባቸው አጋደሙት።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት አልችልም» አሉት። «የኔ አይደለማ። እናቴ ነበረች የምትለው፣ እሷ የለችም። ግን የቀሩት አስሩም እህት ወንድም ይኖራቸዋል። እነሱም ቤት አንድ ሰው ሲሰደብ ኖሮ ይሆናል። ዝርዝሩ አሁንም አለዎት?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ያን ቀን ማታ አባቴ ጫማ ሳጥን ውስጥ ካሉት የድሮ ወረቀቶች ዝርዝሩን አውጥቶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ዊላርድ አጉሊ መነጽር ይዞ መጣ። ሁለቱ እስከ እንቅልፍ ሰዓት ድረስ በአንድ ሰው አድራሻ ሲከራከሩ ነበር፤ አንዱ ኦሃዮ ነው ይላል፣ አንዱ አዮዋ። ትምህርት ስለተከፈተ እኔ አውቶቡሴ ላይ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የምነዳላቸው አልኳቸው። አባቴ ቅዳሜ በጣም ሩቅ ነው ብሎ ተነጫነጨ። ግን በየቀኑ ስልክ መደወልና ደብዳቤ መጻፍ ያዘ። ቆሞ ነው የሚጽፈው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀቱን አድርጎ።

እስከ ገና ድረስ የአራቱን ቤተሰብ አገኘን። አንዲት የወንድም ልጅ ስልክ ላይ አልቅሳ አመሰገነችው፤ አባቴ ስልኩን ዘግቶ እስከ ማታ መንገዱን ሲመላለስ ዋለ። አንድ ሰው በሩን ፊታችን ላይ ዘጋው፤ ዊላርድ «እኔም ብሆን እዘጋ ነበር» ብሎ ወደ መኪናው መራን። ሦስተኛዋ ዘጠና ዓመት የሞላቸው እህት ናቸው፤ ወንድማቸው ገና ከጦርነት እንዳልተመለሰ ነው የሚያስቡት። አባቴ የሳቸውን እጅ ይዞ ወንድማቸው ጥሩ ዋናተኛ እንደነበር ነገራቸው። ሲወጣ «ይሄኛውን ደግሞ ዋሸሁ» አለኝ።

አራተኛው በዲሴምበር መጀመሪያ ያገኘነው አዮዋ ውስጥ ያለ የአሳማ ገበሬ ነው። የአጎቱን ስም እንኳ በትክክል አያውቅም፤ አጎቱ ከሞተ በኋላ ነው የተወለደው። በረንዳው ላይ ቆሞ አባቴን እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ራሱን አክኮ «አባቴ ስለሱ አውርቶ አያውቅም። አንድ ፎቶ ግን አለ፤ ጋጣው ውስጥ ነው መሰለኝ። አሳማዎቹን አብልቼ ልፈልግላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ?» አለ።

«እንጠብቃለን» አለ ዊላርድና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ገበሬው ባልዲውን ይዞ ሄደ። ብርድ ነበር፤ መሬቱ ጠንክሮ እንደ ሸክላ ይጮሃል። አባቴ ኮቱን ቆልፎ ጥቂት ጊዜ በረንዳው ላይ ተመላለሰ። ከዚያ ከደረጃው ወረደና «ሰውዬው ብቻውን ነው፣ ልርዳው» ብሎ ወደ ጋጣው ሄደ። ዊላርድ «ዓይኑ እኮ አያይም፣ አሳማ ላይ ይወድቃል፣ ተከተዪው» አለኝ። ስደርስ አባቴ ሌላ ባልዲ ይዞ፣ ገበሬው የሚያሳየውን ገንዳ በእግሩ እየዳበሰ፣ ምግቡን ያፈስ ነበር።